ንፋስ የማያስገባ ምርጊት

አራጋው ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ጠላቱ ንፋስ ነው። ከጉቴ ነቀምቴ በሚመላለሱት ሚኒባሶች ላይ አንድ ተሳፋሪ መስኮቱን ጣት በምታህል ከፈት ካደረገ፣ አራጋው ከኋላ ወንበር ሆኖ «ዝጋው!» ይላል። ሙቀቱ ቢያፍን፣ ሰው በላብ ቢታጠብ፣ ለገበያ የተጫኑት ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው ቢያለከልኩ ግድ የለውም። «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል!» ብሎ ነገሩን ይቆርጠዋል። እርግጥ ይህ ጠባይ የእሱ ብቻ አይደለም፤ በዚህ አገር ለመኪና መስኮት ያልተጨቃጨቀ ማን አለ? የእሱ ግን በዛ። ሾፌሮቹ ስሙን ትተው «ዝጋው» ብለው ይጠሩት ጀመር። ኋላ ላይ አምቡላንስ መንዳት የጀመረው ቶላ፣ ያኔ ሚኒባስ ሲነዳ፣ አራጋውን ከሩቅ ካየ መስኮቶቹን በሙሉ ዘግቶ ነበር የሚጠብቀው። አራጋው አይቀየምም። «ምክሬን የሰማኝ አንተ ብቻ ነህ» ብሎ ይመርቀዋል።

ሰው ይስቃል እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ ተነስተው ወለጋ ሲሰፍሩ፣ መጀመሪያ የገቡባት ጎጆ ግድግዳዋ ያልተመረገ፣ እንጨት ላይ ሣር ጣል የተደረገባት ነበረች። በዚያ ክረምት የመጀመሪያ ልጁ፣ ገና ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ፣ ሌሊቱን ስታስል አድራ ጎህ ሲቀድ አረፈች። ምን እንደገደላት የነገረው ሐኪም የለም። እሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ በግድግዳው ስንጥቅ የሚገባውን ንፋስ ሲያዳምጥ ስላደረ ፍርዱን ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ማቡካት ተማረ። ደህና አፈር ከየት እንደሚቆፈር፣ የጤፍ ጭዱ ምን ያህል መብላላት እንዳለበት፣ እበቱ መቼ እንደሚገባ አወቀ። ዛሬ በሰፈራ መንደሩ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ በእሱ እጅ የተመረጉ ናቸው። «የአራጋው ምርጊት ንፋስ ቀርቶ ወሬ አያስገባም» ይባላል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የጤና ጣቢያውን ሶላር የመረገው።

ሶላሩ የተተከለው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ከነቀምቴ የመጡት ባለሙያዎች ሰሌዳዎቹን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ በብረት እግር ከፍ አድርገው ሲያስሯቸው፣ በቆርቆሮውና በሰሌዳዎቹ መካከል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ባለሙያዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ጥቅምት ሲገባ የአጨዳ ሰሞን ንፋስ በዚያ ክፍተት እየገባ ያፏጭ ጀመር። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ያደታ «ጣሪያው ላይ የሚያለቅስ ነገር አለ» እያለ መንደሩን አስፈራ። ዓምና አውሎ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ገንጥሎ የሰው ጎመን ላይ ጥሎት ነበርና፣ ሁሉም «ይሄም ሊሄድብን ነው» አለ። ንፋስ ይቁም ከተባለ ደግሞ የሚጠራው ሰው ይታወቃል። ሁሉም ዞሮ አራጋውን አየው።

አራጋው የዚያን ቀን የተሰማው ደስታ ልጁን ሲድርም አልተሰማው። ደቦ ተጠራ። ወጣቱ አፈር ተሸከመ፣ ሴቶቹ ውኃ ቀዱ፣ ጭቃው ተረገጠ። አራጋው በሰሌዳዎቹ ዙሪያ ማገር መትቶ አራቱንም ጎን በምርጊት ደፈነ፣ በእበትም ለስኖ አሳመረው። ፉጨቱ ጸጥ አለ። ያደታ «ገላቶማ፣ ኦቦ አራጋው! አሁን እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው» ብሎ አመሰገነው፤ ዘበኛ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው ሲል ግን ማንም ልብ አላለውም። ተጨበጨበ፣ ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። የመንግሥት መብራት ስለነበረም ሶላሩ ጉልበቱን የሚያሳይበት ቀን ሳይመጣ ወራት አለፉ።

ያ ቀን የመጣው በመጋቢት፣ ቆርቆሮ ላይ እንቁላል በሚጠበስበት ሰሞን ነው። የመብራት ምሰሶ ወድቆ አካባቢው ጨለማ ከሆነ ሰነባብቷል። የአራጋው ልጅ ተናኜ፣ ባሏ ለሥራ ጊምቢ ስለነበረ፣ የታረሰችው አባቷ ቤት ነበር። ሕፃኗ ክርስትና ልትነሳ ጥቂት ሳምንታት ስለቀሯት ስም አልወጣላትም፤ «ሚጡ» ነው የሚሏት። ጉንፋን የመሰለው ሳል ከብዶ፣ በዚያ ጧት ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አራጋው ይህን ያውቀዋል፤ በሰባ ሰባት አይቶታል። ልጅቷን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ተናኜን አስከትሎ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ።

ነርሷ ሲስተር ሩክያ የጎረቤቱ የኢስማኢል ልጅ ናት፤ አራጋው ጭቃ ሲያቦካ እየተመለከተች ያደገች። ሚጡን እንዳየች ቀልዱም ሰላምታውም ቀረ። አንዲት እንደ ሩቅ ወፍጮ የምታጉረመርም ነጭ ማሽን አስነስታ ቀጭን ቱቦ በሕፃኗ አፍንጫ ላይ አኖረች።

«ይቺ ማሽን ከአየሩ ላይ ኦክስጅን እየለቀመች ትሰጣታለች» አለች። «ሳንባዋ ተይዟል። ነቀምቴ ሆስፒታል መግባት አለባት።»

«እንውሰዳታ!» አለ አራጋው። «ባጃጅ ጠርቼ…»

«ያለ ኦክስጅን ጉቴም አትደርስልን፣ አባባ። የኛ ሲሊንደር ባዶ ነው። ቶላ የወለደች ሴት ሊያነሳ አኖ ከተማ ሄዷል፤ አምቡላንሱ ላይ ኦክስጅን አለ። እስኪመጣ ይቺው ማሽን ታቆይልናለች።» ከዚያ የሕፃኗን ደረት እያዳመጠች ድንገት ጠየቀችው። «የተኛችበት ክፍል መስኮት አለው?»

«ነበረው» አለ አራጋው፣ ጥያቄው ምስጋና የሚያስከትል መስሎት። «በተወለደች ማግስት ደፈንኩት። በሩም መጋረጃ አለው። እንዳይበርዳቸው ከሰል አይጠፋም፤ እኔ ራሴ ነኝ የማቀጣጥለው።»

ሩክያ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። ልትናገር አፏን ከፈተችና ተናኜን ስታይ ተወችው። አራጋው ግን ያላለችውን ሰማ።

ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ነገሩ ደህና ነበር። ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳጥን፣ ኢንቨርተር የሚሉት፣ ጢ… ጢ… ጢ… ማለት ጀመረ። ነጯ ማሽን ድምጿ ሰለል አለ።

«ምን ይላል ይሄ?» አለ አራጋው።

«ኃይል አነሰኝ ነው የሚለው። ባትሪው አርጅቷል፤ አሁን የያዘን ከጣሪያው የሚመጣው ብቻ ነው» አለች ሩክያ፣ የቀሩትን መብራቶችና ፍሪጁን ሁሉ እያጠፋች። «እስከ ጮኸ ድረስ አለ ማለት ነው፣ አባባ። ዝም ካለ ነው መፍራት።»

አራጋው ይህን ቃል ያዘው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ጩኸቱን እየቆጠረ በየመካከሉ ትንፋሹን ይይዛል። ጢ ሲል ይተነፍሳል፤ ዝም ሲል ልቡ ይቆማል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ያችን ፀሐይ እያየ ይናደዳል፤ ጧት ለጋ ሆና በወጉ የሠራ ሶላር አሁን እንዲህ እሳት ስትተፋ እንዴት ይደክማል? ሳጥኑ ተበላሽቶ ነው። ወይ ባለሙያዎቹ የማይረባ ዕቃ ሰጥተውን ነው። በልቡ ከሶላሩ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ሰው ወቀሰ፤ ከአንድ ሰው በስተቀር።

ሩክያ ጩኸቱ ገና ሲጀምር የደወለችላት ባለሙያ ደረሰች። ኬኔ ትባላለች፤ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ በሰው ሞተር ተፈናጣ፣ አቧራ ለብሳ፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ነው የመጣችው። «አካም ጅርቱ» ብላ የሁሉንም ሰላምታ ባንድ ቃል ጨርሳ ገባች። ሽቦውን ለካች፣ ባትሪውን ለካች፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ መሰላል አስጠግታ ጣሪያው ላይ ወጣች። ወዲያው ወረደች። መዳፏ ቀልቷል።

«ያንን ጭቃ ማነው የለጠፈው?» አለች።

ግቢው ውስጥ ብዙ ሰው ተሰብስቧል። በደቦው ያልነበረ ሰው በመካከላቸው የለም፤ ዓይኑ ግን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለ አራጋው። ድምፁ ውስጥ ገና ትንሽ ኩራት ነበረበት።

«ማሎ፣ አባባ! ሶላሩን እኮ ቀቀላችሁት!»

«ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነገር ቢሞቅ ምኑ ይገርማል፣ አንች ልጅ? የሚሠራውስ በሙቀቷ አይዶለም?»

«በብርሃኗ ነው የሚሠራው፤ ሙቀቷ ጠላቱ ነው» አለች ኬኔ። እየተናገረች ቦርሳዋን ትበረብራለች። «የፀሐይዋ ጨረር ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ጥቂቱ መብራት ይሆናል፤ የቀረው በሙሉ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይከማቻል። ሰሌዳ በጋለ ቁጥር ጉልበቱ ይወርዳል። እንዳይግል መውጫ ይፈልጋል። በላይ በኩል የተወሰነውን ራሱ ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። በታች በኩል ግን የሚወስድለት ንፋስ ነው። ያ ክፍተት የተተወው ለንፋሱ ነበር! አሁን ቆርቆሮው ከሥር ግሏል፣ አየሩ ታፍኗል፣ ምድጃ ሆኗል። እርስዎ ቀትር ላይ ጋቢ ደርበው ቢያጭዱ ጉልበት ይኖርዎታል?»

አራጋው ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ጢ… ጢ… ይላል ከውስጥ። ጩኸቱ ከቅድሙ ፈጥኗል።

ያደታ «ከሞቀ ማቀዝቀዝ ነው!» ብሎ ካልተጠራበት ገባ። ከጉድጓድ የተቀዳ ውኃ በባልዲ አንጠልጥሎ መሰላሉን ሲወጣ ኬኔ አየችው። ባልዲውን ወደ ኋላ አስወንጭፎ ሊደፋው ሲል ጮኸች። «ማሎ! ማሎ! ተው! በጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከደፋህ ይሰነጠቃል!» ያደታ መሰላሉ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ውኃው በራሱ ሱሪ ላይ ፈሰሰ። በሌላ ቀን ቢሆን ሰው ይስቅ ነበር።

«ጭቃው መፍረስ አለበት፤ ሌላ መላ የለም» አለች ኬኔ።

«ከፈረሰ ንፋሱ ይወስደዋል» አለ አራጋው። «የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ የት እንደተገኘ ታውቂያለሽ? ደክሞም ቢሆን አሁን እየሠራ ነው። ከሄደ ግን ምን ይቀረናል? ልጅቷ ምን ይቀራታል?»

«በብሎን ነው የታሰረው፤ አሁን አይቼዋለሁ፣ አይሄድም።»

«ንፋስን አንች አታውቂውም!»

ይህን ያለው እየጮኸ ነው። ሰው አፈረለት። በዚህ መካከል ተናኜ ከበሩ ብቅ አለች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

«አባዬ» አለች፣ «ሩክያ የኦክስጅኗ ቁጥር እየወረደ ነው ብላለች። የሚጡ ጣቶች ጠቆሩ። እባክህን አፍርሰው።»

አራጋው በልጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። ሚጡ አልጋው መሃል ላይ እፍኝ ታህላለች። ያች ትንሽ ደረት ትነሳለች፣ ትወድቃለች፣ ትሰረጉዳለች። የደፈነው መስኮት ትዝ አለው። ከሰሉ ትዝ አለው። የሩክያ አፍ ተከፍቶ መዘጋቱ ትዝ አለው። በሰባ ሰባት ያቺን ልጅ ንፋስ እንደገደላት ለራሱ ፈርዶ ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲደፍን ኖረ፤ አሁን ሁለተኛይቱ በእሱ ምርጊት ታፍና ልትሞትበት ነው። «የፈሩት ይደርሳል» የሚሉት እውነት ነው፤ ግን በር አንኳኩቶ እንጂ ግድግዳ ሆኖ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ወጣቶቹ ትእዛዝ አልጠበቁም። አንዱ ዶማ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ምርጊቱን አንድ ጊዜ ሲመታው ሰሌዳው በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጭቃው ግን ጭረት እንኳ አልወጣበትም። ኬኔ «መስተዋቱን! መስተዋቱን!» ትላለች። ሌላው ከጎን ቢሞክር ዶማው ተንሸራቶ የሰሌዳውን ጠርዝ በጣት ስፋት ሳተው። የአራጋው ምርጊት በወራት ፀሐይ እንደ ሸክላ ተተኩሷል።

«ውረዱ!» አለ አራጋው። «ማገሩ የት እንደታሰረ የማውቀው እኔ ነኝ። መሮና መዶሻ አምጡልኝ።»

ሰባ ዓመት የቀረበው ሰው መሰላል ሲወጣ ማየት ያስጨንቃል። ያደታ ከታች እግሩን ደገፈው፤ አንድ ሰው እርጥብ ጆንያ ወረወረለት። ጆንያውን ቆርቆሮው ላይ አንጥፎ ተንበረከከ፤ ሙቀቱ ግን ወዲያው በጆንያው አልፎ ጉልበቱን ጠበሰው። ከሰሌዳዎቹ የበታች ጎን ጀመረ። ይህን ጎን በእጁ ነው የደፈነው፤ ማገሩ በየት እንደሚያልፍ፣ ሚስማሩ የቱ ጋ እንደተመታ፣ ጭቃው የቱ ጋ እንደሳሳ ጣቶቹ ያስታውሳሉ። መሮውን ከሰሌዳው አርቆ፣ ጫፉን ወደ ራሱ አዘንብሎ፣ በትንሹ መታ። ፍርካሽ ወደቀ። ደግሞ መታ። አንዲት ምት ብትስት መስተዋቱ ያልቅለታል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ሊጠርገው አልደፈረም።

ጢ፣ ጢ፣ ጢ ይላል ከሥሩ፣ በቆርቆሮው ውስጥ።

የበታቹ ጎን ተከፈተ። እጁን ቢያስገባ ውስጡ የዳቦ ምድጃ ነው። «እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ። ኬኔ ከክፍሉ ውስጥ «አልተነሳም! ገና ነው!» አለች።

አራጋው ቀና ብሎ ዛፎቹን አየ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ሰማዩ ጥርት፣ አየሩ ቀጥ ብሏል። ንፋስ የለም። ዕድሜ ልኩን ሲያባርረው፣ ሲደፍንበት፣ ሲረግመው የኖረው ንፋስ በዚያች ሰዓት ጠፋ። «በእመቤቴ፣ ና!» አለ። «ምን አረግሁህ? ና እንጂ!» ንፋስን ሲለምን ከታች የሰሙት አሉ፤ አንዳቸውም ግን ይህን እስከዛሬ መቀለጃ አላደረጉትም። ያደታ በኦሮምኛ ዋቃዮን ይጠራል፤ ኢስማኢል መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ያን ጊዜ የመጣለት ነገር የጭስ ነገር ነው። ጎጆ ውስጥ ያለ ንፋስ ጭስ የሚወጣው ወዴት ነው? ወደ ላይ። በር ብቻ ብትከፍት ጭሱ አይወጣልህም፤ የሞቀ አየር መውጫው አናት ላይ ነው፤ አናቱ ሲለቀው ቀዝቃዛው በታች ተከትሎ ይገባል። ኬኔ ከታች «የላዩን ጎን ይክፈቱት! የላዩን!» ስትል እሱ ቀድሞ በጉልበቱ ወደ ላይ እየዳኸ ነበር። ጆንያው ወደ ኋላ ቀረ። መዳፉ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ቆዳው ይጣበቃል፤ አልተመለሰም።

የላዩ ጎን የሚብሰው ነበር። እዚያ ላይ ነው በተለይ የተጠበበው፤ ዝናብ እንዳይሰርገው ሁለት ጊዜ መርጎታል። መታ። አልተበገረም። መታ። ጢጢጢጢ ይላል ሳጥኑ፣ አሁን መተንፈሻ የለውም። በራሱ እጅ ሥራ ላይ እንባ እየቀደመው «ምን አጠነከረህ! ምን አጠነከረህ!» እያለ መታው። ጭቃው እንደ እንጀራ ጠርዝ ተቀደደ። ማገሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ሚስማሩ አቃስቶ ወጣ፤ የምርጊቱ ሰፊ ቁራጭ ተገንጥሎ በቆርቆሮው ላይ እየተንኳኳ ወርዶ ግቢው ውስጥ ተከሰከሰ።

ከክፍተቱ የወጣው ትኩሳት ፊቱን ገረፈው። ቅንድቡ የተለበለበ መሰለው። ዓይኑን ጨፍኖ እዚያው ሆኖ ቆየ፤ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ይወጣል። ቀስ በቀስ ለዘብ አለ። ከበታቹ በኩል የቀረው የጭድ ፍርፋሪ ማንም ሳይነፋው እየተሳበ ወደ ውስጥ ሲገባ አየ። ከዚያም ከባሕር ዛፎቹ በኩል አንዲት ሽው ያለች ነገር መጣች፤ ላብ ባራሰው ጀርባው ላይ አለፈች፤ በሰሌዳዎቹ ሥር ገባች።

ሳጥኑም ዝም አለ።

አራጋው ጆሮውን አላመነም። ጠበቀ። ጢ የለም። ደግሞ ጠበቀ። ከሥሩ የሚሰማ ምንም ድምፅ የለም፤ ጠቅላላ ግቢው ጸጥ ብሏል። እስከ ጮኸ ድረስ አለ ማለት ነው፣ አባባ። ዝም ካለ ነው መፍራት። መዶሻው ከእጁ ወጥቶ በቆርቆሮው ላይ ተንሸራተተ። ገደልኳት፣ አለ በልቡ፤ ዘገየሁ፣ ስከራከር ገደልኳት። ያቺ የሰባ ሰባቷም ልጅ፣ ይህችም፣ ሁለቱም በአንድ ጸጥታ ውስጥ ናቸው። ቆርቆሮው ጉልበቱን ሲያቃጥለው አልተሰማውም።

ኬኔ ወደ ግቢው ወጣች። በእጇ ፀሐይዋን ከልላ ሽቅብ አየችው።

«ዝም አለ እኮ፣ አባባ!» አለች።

«ሰማሁ» አለ አራጋው። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ሞተችብኝ?»

«ኧረ ማሎ! ምን ሆነዋል? ኃይል ሲጎድለው ነው የሚጮኸው፤ ሲሞላለትም ዝም ይላል! ሞላለት እኮ! ማሽኗን አይሰሟትም?»

አራጋው ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ። ያቺ እንደ ሩቅ ወፍጮ የምታጉረመርም ድምፅ፣ ደህና ሆና፣ ሰለል ሳትል፣ በጋለው ብረት ውስጥ መጣችለት። ከዚያ የሩክያ ድምፅ ከመስኮት ወጣ፦ «ቁጥሩ እየተመለሰ ነው! ጣቶቿ ቀሉ!» ተናኜ እልል ልትል ፈልጋ መሃሉ ላይ ለቅሶ ሆነባት። አራጋውም ሰው ሁሉ እያየው ጣሪያው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህን ሰው ሲያለቅስ በመንደሩ ያየው አልነበረም።

«ይበቃል፣ ይውረዱ» ቢሉትም አልሰማም። መዶሻውን እንዲያቀብሉት ጠየቀ። የግራውንም የቀኙንም ጎን እስኪያፈርስ ድረስ አልወረደም።

አምቡላንሱ አቧራ እያስነሳ ሲገባ ማሽኗ ገና እየሠራች ነበር። ሩክያ ሚጡን ከአምቡላንሱ ሲሊንደር ጋር አገናኝታ ተናኜ ደረት ላይ አስተኛቻት፤ እሷም አብራ ገባች። አራጋው ማንም ግባ ሳይለው ተከትሎ ገባ፤ ማንም ውረድ ሊለውም አልደፈረም። መዳፎቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ጉልበቱ ሱሪው ላይ ተጣብቋል። ኬኔን በመስኮቱ አያት፤ ከወደቀው ምርጊት አጠገብ ቆማ የጭቃውን ውፍረት በጣቷ ትለካለች፣ ትገረማለች። ሊያመሰግናት እጁን አነሳላት።

የጠጠሩን መንገድ ጨርሰው ጉቴ ላይ አስፋልት ሲይዙ፣ ቶላ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና የድሮ ደንበኛውን ለየው። ነገር ሳያበዛ፣ እጁ በልማድ ሄዶ የራሱን መስኮት ወደ ላይ ይጠመዝዝ ጀመር። የኋላውን ደግሞ ሊያዘጋ አፉን ከፈተ።

«ተወው» አለ አራጋው።

«ምን አሉኝ?»

«አትዝጋው አልሁህ። ይግባ።»

ቶላ ወደ ሩክያ አየ፤ ሩክያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። መስኮቱን መልሶ አወረደው። ንፋሱ ገባ፤ የተናኜን ነጠላ አርገበገበው፣ የሚጡን ስስ ጸጉር ነካ ነካ አደረገው። አራጋው ሰውነቱ በሙሉ ተሸማቀቀ። የታሰረውን እጁን ሰዶ የሕፃኗን ፊት ከለለላት። ጣቶቹን ግን አልገጠማቸውም፤ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ተወላት፣ ነቀምቴ እስኪደርሱም እንዲሁ አቆያት።